ሴቶቹ ሳያልፉ እሳት አይለኮስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 2 ቀን 1986

አርባ ሁለት ሴቶች ሆኑ። ሲስተር ትርሲት የመጨረሻዎቹን ስሞች ይዛ መጣችና፣ "እትዬ ወርቅነሽ፣ የተሳታፊዎቹን ወረቀት አንቺ ጻፊው። የኔን ጽሕፈት ከፋርማሲ በቀር ማንም አያነበውም" አለችኝ። ሳቅሁ። እሺ ግን አላልኩም። እሷ ስስቅ እሺ ያልኩ ይመስላታል።

እኔ የጤና ጣቢያው ጽዳት ነኝ። ካርድ ክፍል ሰው ሲጎድል ካርድ አወጣለሁ። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ልጆች ከጣሉት ደብተር ነው። አሁን አርባ ሁለት ሴቶች የሚያነቡትን ልጽፍ ነው። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

ሴቶቹ የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ጧት በብስክሌት ከመገናኛ ይነሳሉ። በሃያ ሁለትና በአትላስ አድርገው ቦሌ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በቦሌ ሚካኤል ፊት አልፈው እኛ በር ላይ ያበቃሉ። ለማዋለጃ ክፍሉ ነው። ክፍሉ የቧንቧ ውሃ የለውም፤ የአንዱ አልጋ እግር በጡብ ነው የቆመው። እያንዳንዷ ሴት ለክፍሉ ገንዘብ የሚሰጥላት ሰው ፈልጋለች። ሰዎቹ የሚሰጡት ግን በራችን ድረስ ለደረሰች ብቻ ነው። መንገድ ላይ የቀረች እንዳልተነሳች ትቆጠራለች።

ሲስተር እየነገረችኝ የጻፍኩት፦

ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ። በሶ ይበቃል።
የነጠላ ጫፍ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ጎማ ውስጥ ከገባ ይዞ ይጥላል።
ቀሚስ የምትለብስ ከሥሩ ሱሪ ታድርግ። የሱሪው እግር ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ የብስክሌት ካቴና ጨርቅ ይበላል።
ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቀኝ ዳር ያዙ። ታክሲ ሲጮህባችሁ ዞራችሁ አትዩ።
ጎማ ቢተነፍስ ቁሙ። ጎሚስታው በፒካፕ ከኋላ ይከተላል።
ነፍሰ ጡር አትነዳም፤ ታጨብጭብ።

የመጨረሻው የራሴ ነው። ሲስተር አነበበችው፣ አልሰረዘችውም።

የቀኑን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሁለት ወር ሙሉ "ኖቬምበር ሃያ አንድ" ሲባል ነው የምሰማው። ከሲስተር ጋር የሚያዘጋጁት ሴቶች የውጭ ድርጅት ውስጥ ስለሚሠሩ ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው። የኛን ነገ ካርድ ክፍል ካለው ካሌንደር ላይ አያለሁ።

አርብ፣ ኅዳር 3

አየሁ። ኅዳር 12 ነው።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ያውም የዓመቱ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው መንገድ ያን ቀን እንኳን ብስክሌት እግረኛም አያሳልፍ። እሱስ ይሁን። ኅዳር የሚታጠነውም ያን ዕለት ነው። አዲስ አበባ ሁሉ በየደጃፉ የከመረውን ቆሻሻ ጧት በእሳት የሚለቅበት ቀን። በዚያ ጭስ፣ ቤት ተቀምጦ መተንፈስ እንኳ ያስጨንቃል። እነሱ ደግሞ ፔዳል እየመቱ ሊሄዱ!

ለሚካኤል ጠላ ጌሾ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ። ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን እጄ ሊጽፈው እስኪል ድረስ አላወቅኩም።

ለሲስተር አልነገርኳትም። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ሳያስቡበት ይቀራሉ? ምናልባት ያውቁ ይሆናል። ምናልባት ጽዳቷ ምን አገባት ይሉ ይሆናል።

ከሥራ ስወጣ ዘይነባን አየኋት። ከጤና ጣቢያው ማዶ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ አርባን አልፋለች። ሁለተኛ ልጇን የወለደችው እኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ ባሏ ከሱቁ ውሃ በጀሪካን እያመላለሰ። ከአርባ ሁለቱ አንዷ ናት፤ ከወር በፊት ግን ብስክሌት ነክታ አታውቅም። ዛሬ የሰፈሩን ሜዳ ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ሻሿን አገጯ ሥር አስራ፣ በቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ለብሳ። አንድ ወያላ ከታክሲው በር ላይ "እማማ፣ ማርሽ ቀይሪ!" ብሎ ጮኸባት። "መጀመሪያ አንተ ሸሚዝህን ቀይር!" አለችው ሳትዞር። ከዚያ አጥር ገጨች። ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ እንደገና ወጣች። እኔ ብሆን ያን አጥር ዳግመኛ ቀና ብዬ አላየውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ነገርኳት። ሁለት ቀን ይዤው ከርሜ ዛሬ ወጣልኝ። ሲስተር መርፌ እየቀቀለች ነበር።

"ሲስተር፣ ያን ቀን ኅዳር ይታጠናል" አልኳት።

"ምን ማለት ነው?" አለችኝ። የአዋሳ ልጅ ናት፤ እዚህ ከመጣች ገና አምስት ወሯ። አይታው አታውቅም። የኅዳር በሽታ የሚባል ሰው እንደ ቅጠል ያረገፈ ወረርሽኝ ድሮ እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ እንደሚቃጠል ነገርኳት። ብዙ ተናገርኩ። እኔም ገረመኝ።

ዘይነባ ለልጇ ሽሮፕ ልትወስድ መጥታ ሰማችን። "ወይ ጉድ! በየዓመቱ ሱቄን ዘግቼ የምውልበትን ቀን? ኖቬምበር፣ ኖቬምበር ስትሉኝ እኮ የሌላ አገር ቀን ነው የመሰለኝ!"

ሲስተር አልሳቀችም። የትራፊክ ፈቃዱ ለዚያ ጧት ብቻ ነው የተጻፈው። ሳይክሎቹም ለዚያ ቀን ነው የተያዙት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያስኬደች መንገዱን አሰበች። አስፋልቱ ላይ ሆቴልና ትልልቅ ግቢ ነው፤ ክምሩ ከመንገዱ ይርቃል። ጭንቁ መጨረሻው ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ማለፍ ስለማይቻል በኛ ሰፈር የጠጠር መንገድ መግባት አለባቸው። የኛ መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፣ አጥር ለአጥር። ሠላሳ አራት በር አለው። ሠላሳ አራት ክምር።

"እስኪያልፉ ጠብቁልን ብለን ብንለምናቸውስ?" አለች ሲስተር።

"ማን ይለምናል?" አለች ዘይነባ። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"እትዬ ወርቅነሽ፣ ሃያ ዓመት የኖርሽበት ሰፈር እኮ ነው።"

"ሃያ ዓመት ዝም ብዬ ነው የኖርኩት" አልኩ።

"እንግዲያው የሃያ ዓመት ወሬ ተጠራቅሞልሻል" አለች ዘይነባ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

በር ላይ ስቆም ቃል እንደማይወጣኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። አራቱን ቀደድኩ። አምስተኛው ይህ ነው፦

"ለሰፈራችን ሰዎች። እሁድ ኅዳር 12 ጧት አርባ ሁለት ሴቶች በብስክሌት በደጃችሁ ያልፋሉ። የሚደክሙት እናቶች የሚወልዱበት ክፍል ውሃ እንዲገባለት ነው። ኅዳርን አታጥኑ አንልም። የመጨረሻዋ ሴት እስክታልፍ ብቻ ክብሪቱን ያዙልን። እስከ ሦስት ሰዓት ያልፋሉ ብለን እናስባለን።"

ሲስተር አነበበችው። እንደገና አነበበችው። "አንድ ቃል አልነካም" አለችና ልታስባዛው ይዛው ሄደች። ይህን እዚህ የጻፍኩት እንዳልረሳው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

እግሬ ዝሏል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሮች አላንኳኳሁም፤ ወረቀቱን በሥር አሾልኬ ሮጥኩ። አራተኛው ቤት ጎንበስ እንዳልኩ በሩ ተከፈተ። "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ ሴትዮዋ። ያኔ መናገር ግድ ሆነ።

እሺ ያሉ፣ ሃያ ስድስት።
እናያለን ያሉ፣ አራት።
ያላንኳኳሁባቸው፣ ሦስት። ነገ እመለሳለሁ።
እምቢ ያሉ፣ አንድ።

ልብስ ሰፊዋ "ሴት ሳይክል ስትነዳ ለማየትማ እንኳን እስከ ሦስት፣ እስከ ስድስትም እቆያለሁ" አለችኝ። ባለ ወፍጮው ቤት ሚስትየው እሺ ስትል ባልየው ሳቀ። "አርባ ሁለት ሴት! ስንቷ ትደርሳለች?" አለኝ። "አርባ ሁለቷም" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

እምቢ ያሉት አቶ ይርጋ ናቸው። ቤታቸው የመንገዱ መግቢያ ላይ ነው፤ ክምራቸው ከሁሉ ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ ናቸው። ወረቀቱን ሳያነቡ ቃሌን አስጨረሱኝና፦

"ስሚ ወርቅነሽ፣ ኅዳር የሚታጠነው ጧት ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ቆሻሻ ማቃጠል ነው። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ ነው የኅዳር በሽታ የወሰዳት። አራስ ነበረች። የማጥነው ለሷ ነው። ለሳይክል ብዬ የእናቴን ሰዓት አላሳልፍም።"

ክፍሉም እንደ እናታቸው ላሉ አራሶች ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለሲስተር ነገርኳት። "ሃያ ስድስቱን አግኝተሽ በአንዱ ታዝኛለሽ?" አለችኝ። አዎ አዝናለሁ። በዚያ መግቢያ ሳያልፉ ማንም እኛ ጋ አይደርስም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ሦስቱን በሮች አንኳኳሁ። እሺ አሉ።

ክምሮቹ ከፍ ከፍ ብለዋል። ቅጠል፣ አሮጌ ሰሌን፣ የተቀደደ ጫማ፣ የባለ ወፍጮው ገለባ። የአቶ ይርጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ሲወጡ አየኋቸው፤ ሰላም አልኳቸው፣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ።

ዘይነባ ሳይክሏን አምጥታ አሳየችኝ። ካቴናዋ ትንጫጫለች። "ፈርታ ነው እንደኔ" አለችና ዘይት አፈሰሰችባት። ሱሪውን በካልሲው ውስጥ ከትታ፣ ነጠላዋን አስራ ወረቀቱ እንደሚል ቆመችልኝ። "ጸሐፊያችን፣ ተስተካክሏል?" አስተካክላዋለች። ያልኩትን ሁሉ አድርጋለች።

እሁድ፣ ኅዳር 12

በተራ ልጻፈው።

ከንጋት ጀምሮ ከሌላው ሰፈር ሁሉ ጭስ ይነሳል። ሰማዩ አመድ መሰለ። የኛ መንገድ ብቻ ጥርት እንዳለ ነው። ሰው በየደጃፉ ክምሩ አጠገብ ቆሟል። አቶ ይርጋ በርጩማ አውጥተው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ክብሪት ይዘው ተቀምጠዋል። ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም። አልለኮሱም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ መጡ። ፊት ሲስተር፣ ከኋላዋ ሁለት ሁለት እየሆኑ። ጠጠሩ ላይ ሳይክሎቹ ይዘላሉ፣ እነሱም አብረው ይዘላሉ። አንዷ ወፍራም ሴት ላቧ እየወረደ ትዘፍናለች። አንዷ ፀጉሯ የሸበተ፣ ከኔ የምትበልጥ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቀጥ ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ እልልታውን ስታቀልጠው መንገዱ ሁሉ ተቀበላት። ባለ ወፍጮው አጨበጨበ። ብዙ ነገር አይቻለሁ በዕድሜዬ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ዘይነባ የለችም።

አንዷ እያለፈች ጮኸችልኝ፦ "አትላስ ጋ ካቴናዋ ተበጥሶ ጎሚስታው እየቀጠለላት ነው! ፒካፑ ላይ ውጪ ብንላት እምቢ አለች!"

ሦስት ሰዓት ሆነ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር አለፈ። አንዷ ጎረቤቴ ክምሯ ላይ ጎንበስ አለች። "ወርቅነሽ፣ ሰዓቱ ደርሷል እኮ፤ የሚካኤል እንግዳ ይመጣብኛል።" እውነቷን ነው። ሦስት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን ልበል? ክብሪት ሲጫር ሰማሁ።

"ማነው የጫረው?"

አቶ ይርጋ ናቸው። ተነስተው መሃል መንገድ ላይ ቆመዋል፣ ከዘራቸውን አንስተው።

"ጋሽ ይርጋ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ" አለች ጎረቤቴ።

"ሰዓት ማን ጠየቀሽ? ያለፉት አርባ አንድ ናቸው። ወረቀቱ አርባ ሁለት ይላል። የመጨረሻዋ ሴት እስክታልፍ ይላል። አጥፊው!"

"ተሳስተው ቆጥረው ቢሆንስ?"

"እኔ? ሠላሳ ዓመት ሰው ቆጥሬ? አንድ ሰው ጎድሎብኝ ባቡር ተነስቶ አያውቅም።"

ጎረቤቴ ክብሪቱን እፍ አለችው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆምን። ጭሱ ከየሰፈሩ እየመጣ በላያችን ያልፋል፣ እኛ ቆመናል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል መጣች። ብቻዋን። እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር ቅባት፣ ጉንጯም ላይ አለ። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያያት ደነገጠች። "ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?" ብላ ጮኸች። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ሳትወርድ፣ እግሯን መሬት ሳታስነካ፣ ጠጠሩን ሁሉ አልፋ ሲስተር ወደቆመችበት በር ገባች። እልልታው ከዚያ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

አቶ ይርጋ ወደ ክምራቸው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ክብሪት እሳቸው ጫሩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው በር፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ እስከ ላይ ድረስ። አጠገባቸው ቆምኩ። ስለ እናታቸው አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ዓይናችን አለቀሰ፤ ጭሱ ነው ልንል እንችላለን።

ልሄድ ስል ከኪሳቸው ወረቀቴን አውጥተው ሰጡኝ። "ያዢው፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ" አሉኝ።

አሁን እዚህ ደብተር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። እጥፋቱ ላይ አልቋል፣ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የተነበበ ነው። በጀርባው በእርሳስ የተሠመሩ ጭረቶች አሉ፣ አምስት አምስት እየሆኑ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። አርባ ሁለት ናቸው። የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ትረዝማለች።