ለሞተር የተገዛ አልኮል

ሰኞ

ሠራ! የአቶ ደምሴ ፒክአፕ ሲሚንቶ እንደጫነ የሀገረ ሰላምን ዳገት ወጣ፤ የሙቀቱ ጌጅ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ድሮ እኮ ግማሽ መንገድ ላይ ኮፈኑን ከፍተው እስኪበርድ ድረስ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር።

የቱርቦ ችግሩ ይሄ ነው። አየሩን ጨምቆ ሞተሩ ውስጥ ሲከተው ጉልበት ይሰጣል፣ ግን የተጨመቀ አየር ይግላል። እኔ የገጠምኩት ሞተሩ ሲጨነቅ ብቻ ውሃና አልኮል ቀላቅሎ አየሩ ላይ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ ነው። አልኮሉ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ ራሱም እንደ ነዳጅ ይነድዳል። ስንት ሰው ሳቀብኝ በዚህ ነገር!

ማቴዎስ ዳገቱን ሙሉ አጠገቤ ሆኖ ሲዘምር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መናኸሪያ ያለው ጋራዥ የሁለታችን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየሩን የሚመራው እሱ ነው፣ እኔ ወንበር አሞቃለሁ። «መኪና ይጠጣል፣ እኛ እንከለከላለን» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ማክሰኞ

ተናድጃለሁ። አልኮሉን ያስቀመጥኩበት ጀሪካን ጎድሏል። ማቴዎስን ስጠይቀው «የፓምፑ ታንከር ውስጥ ጨመርኩት» አለኝ። ታንከሩን ከፍቼ ባየው አልሞላም። እንግዲያው የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ከመኪናው ሥር ተጋድሜ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። መገጣጠሚያዎቹን ፈትቼ እንደገና አሰርኳቸው። አሁንም ደረቅ። አቶ ደምሴ መጥተው መኪናቸውን ወሰዱ፤ እኔ ግን የሚያፈስ መኪና የሰጠኋቸው መስሎኝ ምሳ እንኳ አልበላ አለኝ።

ማቴዎስ ራሴን አመመኝ ብሎ ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ። የትናንቱ ፀሐይ ነው አለ።

ረቡዕ



ጠዋት ማቴዎስን ሲያስመልሰው ሰማሁ። እማዬ «ጨጓራው ነው» ብላ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ በሲዳምኛ ትጸልይለት ጀመር። ሮጦ እንደመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ «ፊትህ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ጥረገው» አለኝ።

ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ጀሪካኑ ትዝ አለኝ።

«ማቴ፣ ጠጥተሃል?»

መጀመሪያ ያየው እማዬን ነው። ሌላ መልስ አላስፈለገኝም። ውሃ ልታመጣለት ስትወጣ ጠብቆ፣ «ትንሽ ነው፤ በለስላሳ» አለኝ። «ግሮሰሪ ብገባ እሑድ ከመድረክ ያወርዱኛል። ጋራዥ ማን ያየኛል?» ለካ ስንት ጊዜ አምሮት ኖሯል። እኔ ደግሞ ጀሪካኑ ላይ የጻፍኩት «አልኮል» ብቻ ነው። ሜታኖል መሆኑን፣ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሰው እንደሚገድል አውቃለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ማን ይጠጣዋል ብዬ?

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። «እማማ፣ የጠጣው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኛ ቤት መጠጥ አይገባም። ዘማሪ ነው እኮ ልጄ!»

ማቴዎስ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ምን እንደጠጣ፣ ከምን ጋር እንደቀላቀለው፣ ሁሉንም። እማዬን ማየት አልቻልኩም።

ሐኪሟ ዋናው መድኃኒት እዚህ እንደሌለ ነገረችን። ደሙ በማሽን እስኪታጠብ ድረስ መርዙን የሚያዘገየው ሰው የሚጠጣው አልኮል ነው። «ጠንካራ፣ የታሸገ ይሁን። የቤት አረቄ እንዳታመጡ» አለች። ማቴዎስ እጄን ጨምድዶ ይዞኛል፣ አይለቀኝም። እማዬ ተነሳች። «እኔ እሄዳለሁ።»

በሕይወቷ የግሮሰሪ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ጠርሙስ ጂን ይዛ ተመለሰች፤ በነጠላዋ እንኳ አልሸፈነችውም።

«ምነው ፌስታል አልሰጡሽም?» አልኳት።

«ሰጥተውኝ ነበር። የልጄ መድኃኒት ነው፣ ለምን እደብቀዋለሁ?»

ሐኪሟ ለክታ በአፍንጫው በገባው ቱቦ ሰጠችው።

ሐሙስ

ደሙ ታጠበ። ትንፋሹ ተስተካክሏል። ይተርፋል ብለውናል። ስለ ዓይኑ ምንም አይሉም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ላንቃሞ ብርቱካን ይዘው መጡ። «ምን ነካው ልጃችንን?» ሲሉ፣ «የበላው ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። እማዬ አቋረጠችኝ።

«ጠጥቶ ነው። ከእርስዎም ከእኔም ተደብቆ የመኪና አልኮል ጠጣ። እንደ ሰው ግሮሰሪ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሱን ብቻ ነበር የሚያመው።»

አቶ ላንቃሞ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጸለዩ፤ ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። እኔ አፈርኩ። እማዬ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም፣ እሷ ፊት ልዋሽላት መነሳቴ!

አርብ

አቶ ደምሴ ደወሉ። «ዛሬም ወጣሁት! ሞተሩ እንደ በረዶ ነው፣ እጅህ ይባረክ!»  እኔ ግን መኪናውን መልሱልኝ፣ በውሃ ብቻ እንዲሠራ አደርገዋለሁ አልኳቸው። ውሃ ብቻውንም ያቀዘቅዛል እኮ። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ። ይሄን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ጉልበቱ አማረኝ።

ጋራዥ ሄጄ ጀሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ማንን ላድንበት ነው?

ቅዳሜ

ሐኪሟ ባትሪ ዓይኑ ላይ አበራችበት። «ብርሃን አያለሁ» አለ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ደረስኩ። ጣቶቿን ዘርግታ ስንት እንደሆኑ ስትጠይቀው ግን እጁን ዘርግቶ ጣቶቿን በዳሰሳ ፈለጋቸው። ይሻለው እንደሆነ ጊዜ ነው የሚያሳየው አለችን።

ከሰዓት እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ። ማቴዎስ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

«እማ፣ ዛሬ ነጭ ነው የለበስሽው?»

እማዬ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አዎ ልጄ፣ ነጭ ነው።»

ፈገግ አለ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «አየሁሽ እኮ» አላት።

እሷ ኮሪደር ወጣች፣ ተከተልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ሹራቧን እያወለቀች ነበር። «ቤት ስትሄድ» አለችኝ፣ «ነጩን ቀሚሴን አምጣልኝ።»