ሰው ስላልተቀመጠባት በቅሎ

ጥር 19 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ወለተጻድቅ ወልደጊዮርጊስ
አድራሻ፦ ኮልፌ፣ ከቀራኒዮ መድኃኔዓለም በታች

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ አቶ ይገዙ ኃይለመስቀል በሌለ ሰው ምክንያት መገረፉ እንዲቆምና እንዲፈታልኝ ስለማመልከት

ጓድ ሊቀመንበር፣

1. እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በቅሎ እያከራየን ነው። የወጨጫን ተራራ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የራሱ መኪና ከሌለው አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ያራግፈዋል፤ ባለታክሲውም ዳገቱን ሲያይ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው ወይም በእኛ በቅሎ። ይገዙ በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ሲቆይ አንድም እንግዳ ወድቆበት አያውቅም።

2. የሥራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ፤ የባለቤቴ ነፍስ የተንጠለጠለችው በእሱ ላይ ነውና። እንግዳው በተራራው ማዶ የሚወርድ ሲሆን ቁልቁለቱ ለበቅሎ አይሆንም። ስለዚህ ይገዙ ጫፉ ላይ ሲደርስ የልጓሙን ዛብ ከኮርቻው ጋር ያስርና በቅሎዋን ፊቷን ወደ ኮልፌ አዙሮ ጭኗን መታ ያደርጋታል። እሱ የእንግዳውን ጓዝ ተሸክሞ ወደ ማዶ ሲወርድ እሷ ብቻዋን ወደ ቤቷ ትመጣለች። ይህን በሠፈራችን የማያውቅ ሰው የለም። የማያውቀው ከሌላ ሠፈር የተመደበብን የአብዮት ጥበቃ ብቻ ነው።

3. እሑድ ጥር 7 ቀን ይገዙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ አንድ ሐኪም በማዶ ሊያወርድ ይዞ ወጣ። ሐኪሙ የጉዞ ፈቃድ ነበራቸው፤ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ዳልቻዋ በቅሏችን አሥር ሰዓት ላይ ኮርቻዋን እንደተጫነች ስትመለስ፣ በሠፈራችን መግቢያ ኬላ ላይ የነበረው ጓድ አምሐ የተባለ ጥበቃ «ቁም!» አላት። በቅሎ ናት፣ አልቆመችም። ተኮሰና የኋላ እግሯን ሰበረው። የተሰበረውን እግሯን እየጎተተች እስከ ደጃፌ መጣች። እኔ ልጓሟን ይዤ ስጮህ፣ ተከትሏት መጥቶ ሁለተኛውን ጥይት ጆሮዋ ሥር ለቀቀባት። ደሟ ፊቴ ላይ ተረጨ። አሥራ አንድ ዓመት ያበላችን እንስሳ ናት፤ አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም።

4. ከዚያ ጓድ አምሐ ባዶውን ኮርቻ አይቶ «የተቀመጠባት ፀረ ሕዝብ ዘሎ አምልጧል» አለ። ጓደኞቹን ጠርቶ ቤቴን ፈተሸ። ፍራሼን በሳንጃ ቀደዱት፣ ምድጃዬን ቆፈሩት፣ የእህል ጎታዬን ሰበሩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገዙ ደክሞት ሲደርስ፣ ገና ምን ሆናችሁ ሳይል በሰደፍ አፉን መቱት። ሁለት ጥርሱን የለቀምኩት እኔ ነኝ። እጁን የፊጥኝ አስረው በሞተችው በቅሎ ላይ ጎትተው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዱት።

5. እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። በየቀኑ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በቅሎዋ ላይ የነበረው ማን ነው? ማንም አልነበረም ሲል ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል። እንዳጥብለት የላኩልኝ ሸሚዝ የጀርባው ቆዳ ተጣብቆበት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ለአፍታ ሳየው ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሙት። የግራ ዓይኑ አይከፈትም። «ወለቴ፣ ስም ብቻ ስጠንና እንተውህ ይሉኛል፤ የማንን ቤት ላፍርስ?» አለኝና እዚያው ፊቴ በጥፊ መቱት።

6. ይህን የሚጽፍልኝ ሰው ብዕሩን አስቀምጦ «እትዬ፣ ጥርሱንና ሸሚዙን እንኳ እናውጣው፤ ለእርስዎም ለእኔም አይበጅም» ብሎኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ። እነሱ ሲያደርጉት ካልፈሩ እኔ ስናገረው የምፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

7. ለቀበሌው ሊቀመንበር ቀላል ማስረጃ አቅርቤ ነበር። ቦራ የምትባለው ሁለተኛዋ በቅሏችን በሕይወት አለች። ጥበቃዎች ራሳቸው ኮርቻ ጭነው ወጨጫ ጫፍ ላይ ይልቀቋትና ሌሎቹ ኬላው ላይ ቆመው፣ ሳይተኩሱ፣ ብቻዋን ስትመጣ ይዩ። ሐኪሙም እዚሁ አዲስ አበባ ስለሚሠሩ ይጠየቁ ብያለሁ። ሊቀመንበሩ «አብዮቱን በበቅሎ ልታስመሰክሪበት ነው?» ብለው ሳቁ። የተሰበሰበውም ሰው ከፍርሃት የተነሣ አብሮ ሳቀ።

8. ትናንት ምሳውን ይዤ ስሄድ በረኛው፣ እስከ ሰኞ ስም ካልሰጠ «ጉዳዩ ይዘጋል» አለኝ። በዚህ ወር እንዴት እንደሚዘጋ ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ ዳር የምናየው ነው። ይገዙ ደግሞ ስም አይሰጥም። የጎረቤት ልጅ እንዲህ ሲገረፍ ከሚሰማ መሞትን እንደሚመርጥ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ አውቃለሁ።

9. ስለዚህ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሙን እኔ እሰጣለሁ። እሑድ ጥር 7 ቀን በዳልቻዋ በቅሎ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ወለተጻድቅ ወልደጊዮርጊስ ነኝ። ውሸት ነው፤ እናንተ ግን እውነቱን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰምታችሁ አልወደዳችሁትም። የቃል መቀበያችሁ ወረቀት አንድ ስም ብቻ ከጎደለው ይኸው ሙሉት፤ ባለቤቴንም ልቀቁት።

10. ሰኞ ጥር 22 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እስር ቤቱ ደጅ ራሴ እቀርባለሁ፤ ጥበቃ አትላኩብኝ። ቦራን ጭኜ እመጣለሁ፤ ደጁ ላይ እንዳይተኮስባት እለምናለሁ። በዚያ እግሩ ዳገቱን አይወጣምና ይገዙ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእሷ ነው። ኮርቻው ላይ ግን ሰው ደግፎ ያውጣው፤ እኔ በዚያን ሰዓት እጄ ይታሰራል።

ከአክብሮትና ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

ወለተጻድቅ ወልደጊዮርጊስ
(የቀኝ አውራ ጣት ምልክት)