ጥቁር ውሃ ላይ ያልነበረው ድልድይ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20። 11፡30። ጎንደር፣ ማራኪ።

ሚኒባሱ ካልሞላሁ አልሄድም ብሎ ዛሬም ገተረኝ። ስልጠናው ላይ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ። ደግነቱ አሰልጣኙም ገና ከፕሮጀክተሩ ጋር ይታገላል። ሁለተኛ ቀን። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል።

ጉዳዩን ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ፤ ወር ሙሉ ስለፈልፍብሽ የከረምኩት ነው። አንድ ለጋሽ ድርጅት ለወረዳዎች የድጋፍ ጥሪ አውጥቷል፤ ስልጠናውም የሱ ነው። መንገድ ብቻ ወይም ችግኝ ብቻ ይዞ የመጣ ወረፋ ይጠብቃል፤ ሁለቱን አጣምሮ የመጣ ቅድሚያ አለው። እኛ አጣምረናል። ከኔ፣ ከመንገድ ባለሙያዋ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ። ፊት ለፊቴ ከምትቀመጠው ከትርንጎ፣ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ፣ ከወንዙ በላይ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦረቦር በእርከንና በወይራ ችግኝ ማዳን። ክረምት ሲገባ የማዶ ሰዎች ከጤና ጣቢያም፣ ከወፍጮም፣ ከገበያም ይቆረጣሉ። ማመልከቻው ከሞላ ጎደል አልቋል። ማን ይችለናል ብዬ ነው የመጣሁት።

ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ የየወረዳውን ካርታ ግድግዳ ላይ ያሳየናል። የኛ ተራ። ጥቁር ውሃ ላይ አረንጓዴ ነጥብ። ይጫነዋል። ጽሑፍ ይመጣል፦ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ፣ አገልግሎት በመስጠት ላይ ያለ።

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ። ሌላ የሳቀ የለም።

አሰልጣኙ ትሁት ሰው ነው። ዝርዝሩን እነሱ እንዳላዘጋጁት፣ ወረዳው ራሱ በዞን በኩል የላከው እንደሆነ፣ ድልድይ ላለበት ቦታ ደግሞ ድልድይ እንደማይሰጥ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ማስተካከያ ካለ በደብዳቤ፣ በማህተም፣ ማመልከቻው እስከሚዘጋበት እስከ ግንቦት 6።

ክው ብዬ ቀረሁ። ያንን ወንዝ እኔ ራሴ በቅሎ ላይ ሆኜ፣ እግሬን ሰቅዬ፣ ማርያም ማርያም እያልኩ ተሻግሬዋለሁ። የምን ድልድይ! ለካ ለዚህ ነው በየዓመቱ በጀት ስጠይቅ ዞን «አስፈላጊነቱ አልታመነበትም» እያለ የሚመልስልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዞንን ስረግም ኖሬያለሁ።

ይህን የጻፈውን ሰው አገኘዋለሁ። አግኝቼም ፊቱ ላይ አነብለታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22። 6፡15። መ/ቤት።

አገኘሁት።

ከጠዋት ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ። አቧራ። ሰባት ጊዜ አስነጠስኩ። የዛሬ ስድስት ዓመት የአራተኛ ሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ሰማያዊ አቃፊ፣ ተራ ቁጥር 17። የጥቁር ውሃ ድልድይ፦ ተጠናቆ አገልግሎት መስጠት የጀመረ። አፈጻጸም መቶ በመቶ። ከታች «ያዘጋጀው» ይላል። ስሙን አየሁ። ፊርማውን አየሁ። ጅራቱ ረጅም።

የኔ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፊቱ ላይ አነብለታለሁ ብዬ አልነበር? መስታወት ይምጣልኝ እንግዲህ።

ቀኑ ሰኔ 28 ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር። የዚያን ጊዜው ኃላፊ አናቴ ላይ ቆሞ ያጣድፈኛል፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በጅምር ላይ ያለ ሥራ የወረዳውን አፈጻጸም ያወርዳል፣ ገመዱ መንገድ ላይ ነው፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል። እውነትም ድንጋዩ ተራግፏል፣ በሁለቱም ዳር የድልድዩ እግር እስከ ወገብ ተገንብቷል። በሁለት ሳምንት እውነት የሚሆነውን አስቀድሜ ጻፍኩት። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው። አሁንም እንዲያው ነው።

ገመዱ አልመጣም። ዝናቡ መጣ። ከዚያ ጊዜው ከፋ፣ ሥራ ተቋራጩም በዚያው ቀረ። ድንጋዩን ሰው ለአጥር ወሰደው። እኔ ደግሞ ረሳሁት። ከመጻፌ ይልቅ ያስደነገጠኝ መርሳቴ ነው፣ ደብተሬ። ከአእምሮዬ ጨርሶ ወጥቷል! በየዓመቱ ያንኑ ድልድይ በዚሁ ፊርማ እጠይቃለሁ፣ በዚሁ ፊርማ ምክንያት ይከለክሉኛል።

ምሳ አልበላሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26። 10፡00።

ለአለቃዬ ለአቶ ፈንቴ ነገርኳቸው። ጡረታቸው ደርሷል፤ ያን ጊዜ እዚህ አልነበሩም። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፣ አልጮሁም። ውሃ ጠጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ደብዳቤ ብንጽፍ ምን እንደሚከተል ቆጠሩልኝ፦ ወረዳው ሐሰተኛ ሪፖርት ላከ ይባላል፣ ማመልከቻው ይወድቃል፣ እኔ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

ከዚያ መፍትሔውን አመጡት። ቀላል ነው። ድልድዩ ነበረ እንበል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰደው።

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ ነገሩ ልክክ ማለቱ። ቅጹ ላይ በጎርፍ ስለወደመ መሠረተ ልማት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ እንዲያውም ነጥብ ይጨምራል። ከላይ ቦረቦሩ፣ ከታች የተወሰደው ድልድይ፤ የትርንጎ እርከን የኔን ድልድይ ሲያድን። ማን ይጎዳል? የማዶ ሰዎች ድልድያቸውን ያገኛሉ። እኔ እንጀራዬን አላጣም።

ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፣ ቀለል አለኝ። ከሰዓት ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩት፦ ነባሩ ድልድይ ባለፈው ክረምት በደራሽ ጎርፍ በመወሰዱ ምክንያት... ሸጋ ሆነ። ውሸት ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ለካ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28። 8፡50።

ዛሬ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ለጎርፉ ማስረጃ ያስፈልጋል። ትርንጎ ጠዋት ወደ አደጋ መከላከል ክፍል ሄደች፤ በጥቁር ውሃ ላይ ስለደረሰ የጎርፍ ጉዳት የተመዘገበ ካለ ልትጠይቅ። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። አንዲት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ነሐሴ። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ «ወ/ሮ እንጉዳይ በአካባቢው አገልግሎት የሚሰጠውን የእግረኛ ድልድይ መጠቀም ሲገባቸው፣ በራሳቸው ቸልተኝነት ወንዙን በእግር በማቋረጥ ላይ እንዳሉ በደራሽ ውሃ ተወስደው ሕይወታቸው አልፏል።»

እንጉዳይ የአያ ሙጬ ሚስት ናት። አያ ሙጬን ታውቂያቸዋለሽ፣ ጽፌልሻለሁ። በገበያ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በትራቸውን ይዘው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የድልድዩን ነገር የሚጠይቁኝ ሽማግሌ። እኔም ሁልጊዜ በጀት የለም የምላቸው። ሚስታቸው ከወፍጮ ስትመለስ ውሃ እንደወሰዳት ሰምቼ ነበር። እንዲህ ተብሎ እንደተጻፈባት ግን አልሰማሁም። ማንም በክፋት አልጻፈው ይሆናል። አንድ ጸሐፊ ዝርዝሩን አየ፣ ድልድይ አለ ይላል፣ እንግዲያው ጥፋቱ የሟች ነው።

በኔ ተራ ቁጥር 17።

እና የሰኞው ሸጋ ዓረፍተ ነገሬ? ድልድዩን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰደው ካልን፣ የዛሬ አራት ዓመት ቆሞ ነበር ማለት ነው። እንጉዳይ እያየችው አልፋው ገባች ማለት ነው። ለዘላለም።

ትርንጎ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት፤ የኔን፣ የእንጉዳይን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1። ልደታ። 9፡20። ጥቁር ውሃ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ይዤሽ ወጣሁ። ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይበርድብኝ።

ከትርንጎ ጋር በመ/ቤቱ ሞተር እስከ ወንዙ፣ ከዚያ ጫማችንን አውልቀን። ውሃው አሁን ከጉልበት በታች ነው፤ ሲያዩት ሰው የሚገድል አይመስልም። የማዶ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ዋርካው ሥር የልደታን ንፍሮ ይቅማሉ። ለኛም ዘገኑልን። እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሪፖርቱን፣ ፊርማዬን፣ አረንጓዴውን ነጥብ፣ የጎርፉን ሐሳብ። የእንጉዳይን ወረቀት እስከ መሀሉ አነበብኩ፤ ቀሪውን ትርንጎ ጨረሰችው። እውነቱን ከጻፍን ድልድዩ ሊቀር እንደሚችልም አልደበቅኩም።

አያ ሙጬ በትራቸውን መሬቱ ላይ ያዞራሉ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቃላቸውን እንዳለ ልያዘው፣ እንዳይጠፋብኝ፦

«ፖሊሱም ይኸንኑ ነበር ያለኝ። ድልድይ እያለላት ምነው በውሃ ገባች አለኝ። የተማረ ነው፣ ይዋሻል አላልሁም። ከአርባዋ በኋላ ሁለት ቀን ወንዙን ይዤ ወጣሁ፣ ወረድሁ። እኔ ሳላውቅ ሠርተውት ይሆን ብዬ። አጣሁት። ዓይኔ ነው፣ አርጅቻለሁ ብዬ ተውሁት።»

ፈልገውታል! ደብተሬ፣ ሰውየው ድልድዩን ፈልገውታል። እኔ የሳልኩትን። ሁለት ቀን። ዓይናቸውን ጠረጠሩ እንጂ ወረቀቴን አልጠረጠሩም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። አሁንም ስጽፈው ያመኛል።

ከዚያ ተከራከሩ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ጎርፉ ወሰደው ይባል፣ መሻገራችን ነው ቁም ነገሩ አለ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐምሌን እየፈራ ነው። ማን ይፈርድበታል? ግማሹ ከሱ ጋር ነበር። አያ ሙጬ አልተቆጡትም። ያልነበረን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው ብለው ወረቀት ላይ ጣታቸውን እንደማያሳርፉ ብቻ ተናገሩ። ሌላ አንዲት ባልቴት ዛሬ እንጉዳይ ላይ የጻፉ ነገ በማን ላይ እንደሚጽፉ ጠየቁ።

ለጋሹ የሕዝብ ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል። ጻፍነው፦ በጥቁር ውሃ ላይ ድልድይ ኖሮ አያውቅም፤ ይሠራልን። ትርንጎ የማህተም ቀለም ይዛ ነበር። እየተነሡ ጣታቸውን አሳረፉ። ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙ ሄዱ። ጎልማሳው ቆየት ብሎ መጣ፣ ፊቴን ሳያይ ፈረመ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። 5፡05። መ/ቤት።

የመጨረሻው ቀን። ጠዋት 2፡30 ላይ ሦስት ወረቀት አቶ ፈንቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤው። ለለጋሹ የማስተካከያ ደብዳቤ፣ በስሜና በፊርማዬ። ለአደጋ መከላከል ክፍል የእርማት ደብዳቤ። ማህተሙ ያለው እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ያለ ማህተም ሦስቱም ከንቱ ናቸው።

አነበቡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያሉትን የጣት አሻራዎች በእርሳስ ጫፍ እየነኩ አለፉ። ኮሚቴ ፊት እንደምቀርብ ደግመው አስታወሱኝ፤ አውቃለሁ አልኩ። ሊያድኑኝ እንደማይችሉ ተናገሩ፤ አውቃለሁ አልኩ። ወጡ። በረንዳው ላይ ሲንጎራደዱ በመስኮቱ አየኋቸው። አለቀልኝ አልኩ።

ተመልሰው ገቡ። መሳቢያውን ከፈቱ። ሦስቱንም በማህተም መቱና በደንብ ያልወጣውን ደግመው መቱት።

3፡50 ላይ ማመልከቻው ተላከ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ጣለን፣ በሦስተኛው ሄደ። ትርንጎ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ይሰጡን አይሰጡን፣ ማን ያውቃል። የኮሚቴው ቀጠሮ ለሰኞ ነው። አልዋሽም፣ ደንግጫለሁ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የደነገጥኩት ስላለፈው ሳይሆን ስለ ነገ ነው።

ቀና ስል አያ ሙጬ በር ላይ ናቸው። ዛሬ ገበያ አይደለም። ከማዶ በእግራቸው መጥተዋል። ስለ ድልድዩ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጠየቁም። የእንጉዳይን ወረቀት ነው የፈለጉት። የእርማት ደብዳቤውን ግልባጭ አወጣሁና ፊት ለፊታቸው ቆሜ አነበብኩላቸው።

«በተጠቀሰው ጊዜ በጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ ምንም ዓይነት ድልድይ አልነበረም። ወ/ሮ እንጉዳይ ጥፋት የለባቸውም። ድልድይ እንዳለ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

በትራቸውን ተደግፈው አዳመጡ።

«ደግመሽ» አሉኝ።

ደግሜ አነበብኩላቸው።