ስክሪኑ ሲሸሽብኝ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ምሳ ሰዓት

ሁለት ሴክሽን ገባ፣ አራት ይቀራል። የነርሶቹ አናቶሚ ዛሬ ማለቅ አለበት፤ ሐሙስ ውጤት ይለጠፋል። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል፣ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ዛሬም ስክሪኑ ሸሸብኝ። ከመምህሩ ወረቀት ላይ ስም አነባለሁ፣ ቀና ስል ስሙ ከነበረበት የለም። ገጹ በራሱ ወርዷል። መልሼ ወደ ላይ እወስደዋለሁ። አምስት ደቂቃ ሰላም ይሰጠኛል። ከዚያ ደግሞ ሸርተት። ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም። አልነካሁትም ብዬ ነው የማስበው።

ወደዚህ ጠረጴዛ ከተዛወርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወደ ሞጆ ተዛውሮ የሄደው ሰውዬ ይሠራበት የነበረ ነው። መስኮት አለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሩ ብቻውን ይሄዳል ብል ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንተ ደብተሬ ቢያንስ አታሽሟጥጥም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። አመሻሽ

ማውሱን አጸዳሁ። የአዳማ ነፋስ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ከጎማው ሥር በጥርስ መጎርጎሪያ ያወጣሁት አቧራ ለጉድ ነው። ግማሽ ቀን ደህና ሆነ። ከምሳ በኋላ ባሰበት።

የወደ ታች ቀስቷ ተጣብቃ ይሆናል ብዬ ኪቦርዱን ገልብጬ አራገፍኩት። የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ መርፌ ቁልፍ። ሌላ ምንም።

9 ሰዓት ላይ ሐዊን ጠራኋት። ሐዊ የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የምታይ ልጅ ናት፣ የአሰላ ልጅ፣ ቀጭን፣ ፈጣን። አዴ አስካለ ትለኛለች፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት። ወንበሬ ላይ ሩብ ሰዓት ተቀመጠች። ስክሪኑ እንደ ፎቶ ቀጥ። ጻፈች፣ ወጣች፣ ወረደች፤ ምንም። ቫይረስም ፈተሸች፤ የለም። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምናልባት እጅዎ ማውሱ ላይ ሲያርፍ ሳይታወቅዎት እየገፋው ይሆናል አለችኝ።

በሩን እንደዘጋች ስክሪኑ ወረደ።

እጅዎ። ቃሉ ቤት ድረስ ተከተለኝ። የእናቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በስልሳ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ ሻይ ሳትደፋ መጠጣት። እኔ ስልሳ ልሞላ ሁለት ዓመት ቀረኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ጠዋት

ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዤ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። እስከ መቶ ልቆጥር። አርባ ላይ ሽፈራው ከመኝታ ቤት ወጣ። ባሌ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጥያቄ አያበዛም። ሌላ ብርጭቆ ሞልቶ አጠገቤ ቆመና ክንዱን ዘረጋ።

የእሱ ተንቀጠቀጠ። የእኔ አልተንቀጠቀጠም።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። መንዳት ከመተው በፊት ጀምሮ ነው አለ። ለምን አልነገርከኝም? ምን ልታደርጊልኝ? ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ሳቃችን አለቀ። ቅዳሜ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን ብዬዋለሁ። አልተቃወመም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከቀኑ 11 ሰዓት

ውጤት ተለጠፈ። አናቶሚው ሰኞ አልቆ ነበር፤ የቀረውን የሌላ ኮርስ ውጤት ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ፣ ስክሪኑ ላይ ጣት አድርጌ ነው የጨረስኩት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ። ስክሪኑ ሄደ። እጄ ጭኔ ላይ እያለ ሄደ! ዕቃ ተበላሽቶ ሲያይ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስልክ አንስቼ ሐዊን ጠራኋት፤ አሁኑኑ ነይ፣ እኔን ግን ከወንበሩ አታስነሽኝ አልኳት።

በሩጫ መጣች። በዓይኗ አየች። ይቅርታ አዴ አለች፣ ከልቧ።

የማውሱን ገመድ ነቀለች። ይሄዳል። የኪቦርዱን ነቀለች። ይሄዳል። ምንም ነገር ሳይሰካበት ስሞች እየተግተለተሉ ይወርዳሉ። ሐዊ በጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር ገባች፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የጥፍር ያህል ነገር ነቅላ ወጣች። ስክሪኑ ቆመ። የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ነው። ታዲያ ማውሱ የት አለ?

ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቆዩ ፋይሎች ሥር። የበፊቱ ሰውዬ ረስቶት ሄዷል፣ ባትሪው አላለቀም። መሳቢያው በደንብ አይዘጋም። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ስለሚያመኝ እሱ ላይ አስደግፈዋለሁ። ጉልበቴ በገፋው ቁጥር ፋይሉ የማውሱን ጎማ ያሻዋል። ሐዊ ስትቀመጥ እግሯን ወንበር ሥር አጣጥፋ ነው፤ ለዚህ ነው እሷ ጋ ጸጥ ያለው።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። እኔም እንባዬ እስኪመጣ።

አርብ፣ የካቲት 6። ከቀኑ 10፡30

ጠዋት ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ነው የመጣልኝ። እጄ ደህና ነው፣ ማውሱም ተገኘ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ያስገባሁት ውጤትስ?

አቶ ሙሉጌታን ጠየቅኳቸው፣ የሬጅስትራር ኃላፊያችንን። ናሙና ወስደን አይተናል፣ ደህና ነው፣ ተለጥፏል አሉ። ቢሆንም ወረቀቶቹን አወጣሁ። አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አመሳከርኩ። አምስቱ ሴክሽን ንጹሕ። ልተወው ነበር።

ስድስተኛው ላይ ሁለት ለሊሴዎች ተከታትለው አሉ። ለሊሴ ቶ. እና ለሊሴ ደ.። በመምህሩ ወረቀት ለሊሴ ቶ. ቢ፣ ለሊሴ ደ. ኤፍ። በእኔ ስክሪን ላይ ተገላብጧል። አንዷን ሳስገባ ገጹ ወርዶ፣ ሌላዋን ሳስገባ መልሼው ይሆናል። አላስታውስም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ዓይኔ አልፎታል።

አናቶሚ የወደቀ ሰኞ ሳምንት ሆስፒታል ለልምምድ አይወጣም። ያለፈችውን ለሊሴ ፈልጌ ጓደኞቿን ጠየቅኳቸው። ለሊሴ ቶ. ትናንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማ አይታ፣ ማንንም ሳታናግር ልብሷን ሰብስባ ቆቃ ገብታለች፣ አባቷ ዘንድ። ስልኳ ዝግ ነው።

ለአቶ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ልክ እንደ ወንድም ነው ያናገሩኝ። የመምህሩ ማረሚያ ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ የተሳሳተው እሱ ነው ይባል፣ ይፈርምልናል፤ አንቺ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶሽ ፋይልሽ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ምን ያደርግልሻል አሉ።

መምህሩ በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ነው፣ ኮንትራቱ በየሴሚስተሩ ነው የሚታየው።

ላስብበት አልኳቸው። ላስብበት ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ማታ 1 ሰዓት

የሐኪሙ ቀጠሮ ለሳምንት ተላለፈ፤ ሽፈራው ሂጂ አለኝ። በሞጆ በኩል ቆቃ ወረድኩ። አድራሻ የለኝም፣ የአባቷን ስም ከፋይሏ ይዤ ነው። ሁለተኛው የጠየቅኩት ሰው አወቃቸው፤ ከውሃው ዳር ናቸው አለኝ።

አባትየው መረብ ይጠግናሉ። ለሊሴ እጅጌዋን ሰብስባ ዓሣ ትሰነጥቃለች። ስታየኝ ደነገጠች። ያልመለሰችው የላይብረሪ መጽሐፍ አለ፣ ለእሱ የመጣሁ መስሏታል።

ለሊሴ፣ አልፈሻል፤ ቢ ነው ያገኘሽው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው አልኳት። ይህን ዓረፍተ ነገር መኪና ውስጥ ሃያ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ሲወጣ ግን ተደነቃቀፈ።

ቢላዋን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። እርግጠኛ ነዎት? ነኝ። እርግጠኛ ነዎት? ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ መጥቼ ነበር፣ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለአባቴ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለች። «እኔ ብነግረው አያምነኝም። ከተማ ስትዞሪ ነው የወደቅሽው ብሎኛል።»

የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ግን በቃኝ። ሰውዬው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ የተሳሳተው ማነው? «አነ» አልኳቸው። እኔ። መረቡን አስቀመጡ። ልጃቸውን አላዩም፣ ውሃውን ነው ያዩት። ከዚያ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ አሉኝ። ሰው ይሳሳታል፣ ስህተቱን ሊናገር ይህን ያህል መንገድ የሚመጣ ግን የለም አሉ። እሷ ስታለቅስ ተነሥተው የእጅ ውሃ አመጡላት፣ እሳቸው ራሳቸው አፈሰሱላት።

ለቅበላ ብለው ሁለት ዓሣ ሰጡኝ። በራሴ ጥፋት ስጦታ ልቀበል? አልቀበልም አልኩ፤ የተቆጡት ያኔ ብቻ ነው። ተቀበልኩ። ሽፈራው አሁን እየጠበሰው ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ከቀኑ 8 ሰዓት

ጾም ገባ። የእነ ሐዊ ረመዳንም ረቡዕ ይገባል ይላሉ፣ ቢሮው በሙሉ ምሳ ሊረሳ ነው።

የማረሚያ ቅጹን ሞላሁ። «ስህተቱን የፈጸመው ሠራተኛ» የሚል መስመር አለ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። አቶ ሙሉጌታ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ማህተም አደረጉ። ለሊሴ ቶ. የልምምድ ደብዳቤዋ ተጻፈ።

አንዷ ለሊሴ ተመለሰች። ሌላዋ ገና አታውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 11 ሰዓት

ለሊሴ ደ. የልምምድ ደብዳቤ ልትወስድ ራሷ መጣች። የኩየራ ልጅ ናት። ነጭ ጋውኗን ገዝታ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ይዛ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ወረቀቱን ፊቷ አደረግኩና እንደ ቆቃው ቀጥታ ነገርኳት።

አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩ እንዳልሠራሁ አውቅ ነበር» አለች። «ሰሌዳው ላይ ሳይ እግዚአብሔር ረድቶኛል አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጥቻለሁ።»

ድጋሚ ፈተና አለ አይደል አለችኝ። አለ። ግን ማመልከቻው ውጤት በተለጠፈ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ትናንት አበቃ። ትናንት እሷ አልፌያለሁ ብላ ጋውን እየገዛች ነበር።

ሰሌዳው ላይ ወድቀሻል ተብሎ ቢሆን ኖሮ አርብ ጠዋት ታመለክት ነበር። ያን ዕድል የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ አርብ እንዳወቅኩ ብነግራት እንኳ ትደርስ ነበር። ደብዳቤውን ሳትጠይቀኝ፣ ጋውኗን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ከመስኮት አየኋት፤ በሩ ጋ ቆማ የምትሄድበትን ያጣች መሰለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ከቀኑ 10 ሰዓት

አቶ ሙሉጌታን ጠየቅኳቸው። ቀኑን ማራዘም የሚችለው ዲኑ ብቻ ነው፤ ዲኑ ደግሞ የሚያየው ጥፋቱ የኮሌጁ መሆኑ በጽሑፍ ሲቀርብለት ነው። እንዲህ ከጻፍሽ ነገሩ ከእኔ እጅ ይወጣል አሉ። የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣትም፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ልጅቱ እንደሆነ በእውነትም ወድቃለች፣ ኮርሱን ደግማ ትውሰድ፣ ዓለም አይገለበጥም አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ወድቃለች። ግን ሌሎቹ የወደቁ ሦስት ቀን አግኝተዋል፣ እሷ አላገኘችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐዊ መጣች። መሳቢያው ውስጥ የተገኘውን ማውስ፣ መቀበያውን፣ ያየችውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋ ፈርማ አመጣችልኝ። አልጠየቅኳትም። «አዴ፣ መጀመሪያ ቀን እጅዎ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን በደንብ ብፈልግ ማክሰኞ ይገኝ ነበር» አለች። አናቶሚ የገባው ሰኞ ነው፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም አልኳት። ወረቀቱን ግን ተቀበልኳት።

ማመልከቻውን ጽፌ ጨረስኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። አራተኛው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ልጅቱ ምን እንዳጣች። ይቅርታ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩት።

ለሊሴ ደ. ስልኳን በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። ነገ 2፡30 ዲኑ ቢሮ ሲከፈት በሩ ላይ እሆናለሁ፣ ነይ፣ አብረን እንገባለን አልኳት። እምቢ ቢሉስ አለችኝ። ሊሉ ይችላሉ አልኳት፤ ቢሉም ብቻሽን ሆነሽ አትሰሚውም።

እመጣለሁ አለች።