የጳጉሜ ስድስት ፊርማዎች

ነሐሴ 29

ዝናቡም ሙቀቱን አልቀነሰውም። ከረፋድ ጀምሮ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ዋለ። የወባ ካርድ ብቻ መቶ አርባ! ሐኪም የጻፈውን ማንበብ፣ ኮድ መስጠት፣ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት… ሥራዬ ይኸው ነው። በሽተኛ አላይም። ሃይሚ "አንቺ የታደልሽ ነሽ፣ ወረቀት አይሸትም" ትለኛለች። እሷ ዋርድ ነርስ ናት፤ አንድ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ዛሬ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ለሠላሳ ሁለት አልጋ ሁለት ነርስ!

ጳጉሜ 4

አንዲት ሴት መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። ውባንች ትባላለች። ወንድሟን ዘሩን ልታስታምም ከጎጃም ነው የወረደችው። ዘሩ ሳሉግ ነው፣ በወቅቱ ለእርሻ ሥራ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ፤ ኮኪት አካባቢ የሰሊጥ አረም ሲያርም ሰንብቶ፣ በነሐሴ አጋማሽ ከትራክተር ተሳቢ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ፤ በዚያው ቀን እዚህ አምጥተው አስተኙት። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም።

"እታለም፣ ወንድሜ እየሸተተ ነው። ለማን ልንገር?"

ለዋርድ ኃላፊው ንገሪ አልኋት።

"ነገርኋቸው። የሆስፒታል ሽታ ነው አሉኝ።"

ምን ላድርግላት? ወደ ካርዶቼ ተመለስሁ።

መስከረም 2

የዘሩ ካርድ መጣ። "ይውጣ" ተብሏል። የተጻፈው፦ የአልጋ ቁስል፣ ደረጃ አራት፣ አብሮት የመጣ።

ደረጃ አራት ማለት አጥንት ይታያል ማለት ነው። አጥንቱ እየታየ ወዴት ነው የሚወጣው? ወደ ሳሉግ ካምፕ?

ነገሩ ይገባኛል። ቁስሉ እዚህ ከጀመረ ሆስፒታሉ ማከም፣ ካልቻለም ጎንደር መላክ አለበት፤ ጥፋቱም በሪፖርት ይወጣል። አብሮት ከመጣ ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ ወስደው ቤቱ ይጠቡት። ልዩነቱ ያቺ ቃል ናት። የማስገባትም እኔ።

ካርዱን ሳላስገባው አሳደርሁት።

መስከረም 3

ዋርድ ወጣሁ። ገና ከበሩ… የበሰበሰ ሥጋ። ውባንች አንሶላውን ገለጠችልኝ። ከወገቡ ግርጌ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ። መሐሉ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ዝንቡ! ሮጬ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አስመለሰኝ።

ስመለስ ዘሩ ፈገግ አለልኝ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ታች ስለማይሰማው ቁስል እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያ ጎረቤቴ ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ምስኪን። አትቆጡት" አለኝ።

ውባንች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔስ ምን አልሁ? "እሺ" አልሁ። እሺ!

መስከረም 4

የዋርድ ኃላፊውን አዛናውን ጠየቅሁት። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምለው፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አይገባውም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "በየሁለት ሰዓቱ ሲገለበጥ ነው የከረመው። ቅጹን እይው። የሚገለበጥ ሰው እንዲህ አይቆስልም፤ ስለዚህ ይዞት ነው የመጣው" አለኝ።

አየሁት። አንድ ቅጽ ሰባት መስመር አለው፤ ለአንድ ቀን አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ አሥራ ሁለት ፊርማ። የመጨረሻው ከነሐሴ 30 ይጀምራል። ጳጉሜ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5… ጳጉሜ 6።

ዓምና እኮ ጳጉሜ አምስት ነበረች! ከአምስት ማግሥት እንቁጣጣሽ ነው። ቅጹን በአንዴ አስቀድመው ሞልተው፣ ሰባተኛው መስመር ባዶ እንዳይቀር ቀን ፈጠሩለት። ባልነበረች ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ገለበጡት!

ብቻዬን ሳቅሁ፤ የንዴት ሳቅ። ከዚያ ፊርማውን ልብ አልሁት። የሃይሚ ነው።

መስከረም 5

እግሯን ስትታጠብ ጠየቅኋት። አልካደችም።

"ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንሞላው። በአንዴ ፈርሙ የሚለን ራሱ አዛናው ነው። ሁለት ሰው ሠላሳ ሁለቱን በየሁለት ሰዓቱ ይገልብጥ?"

"ለመሆኑ ገልብጠሽው ታውቂያለሽ?"

እግሯን ማሸቷን ቀጠለች። "…አንድ ሁለቴ።"

ቆይታ ደግሞ፣ "ብታወጪው አዛናው አይነካም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሚሆነው" አለች።

እውነቷን ነው። ግን ያን ጉድጓድ በየቀኑ ታየው አልነበረም? አይታው መጥታ ከኔ ጋር ራት ትበላ አልነበረም? ዛሬ አብሬያት መብላት አቃተኝ።

መስከረም 6

አዛናው መስኮቴ ድረስ መጣ። "የሻረግ፣ አስገቢውና ልጁ ይውጣ። ባጃጅ አዘጋጅተንለታል።"

ወገቡ ለተሰበረ ሰው ባጃጅ። ተጸየፍሁት።

መስከረም 7

አስገባሁት። ደረጃ አራት፣ እዚህ የጀመረ።

ቅጹን ኮፒ አድርጌ፣ ጳጉሜ 6ን በቀይ አክብቤ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ዶክተሩ ብዙ አየው።

"ዓምና ጳጉሜ ስንት ነበረች?"

"አምስት።"

በጣቱ ቆጠረ። ተነሥቶ ራሱ ዋርድ ሄደ።

መስከረም 8

ዘሩን በጎኑ አስተኝተው በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላኩት። ሊጭኑት ግቢ ሲያወጡት ንጹሕ አየር ነበር፤ ጎረቤቱ ዋርድ ቀርቷል፤ ሽታው ግን አለ። አሸተተ። ወደ እህቱ ዞረ።

"እኔ ነበርሁ እንዴ?"

"ዝም በል፣ የኔ ጌታ" አለችው።

መስከረም 12

ሃይሚ ደብዳቤ ደረሳት፤ ማስጠንቀቂያና ወደ ሽንፋ ጤና ጣቢያ ዝውውር። አዛናው? ወንበሩ ላይ ነው።

ሻንጣዋን ስትዘጋ፣ "አንቺስ?" አለችኝ። "አብሮት የመጣ፣ አብሮት የመጣ እያልሽ ስንት ሰው አስገባሽ?"

"የተጻፈልኝን ነው ያስገባሁት።"

"እኔም የታዘዝሁትን ነው የፈረምሁት።"

ባጃጁ ድረስ ሻንጣዋን ልይዝላት ብል እምቢ አለችኝ።

መስከረም 15

የአልጋ ቁስል የተጻፈባቸውን የቆዩ ካርዶች ፈልጌ አወጣሁ። በሁለት ዓመት አሥራ አንድ ሰው። አሥራ አንዱም "አብሮት የመጣ"። ሁሉንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አንዳቸውንም ሄጄ አላየሁም። አራቱ ሞተዋል።

ሰው ስጸየፍ ከርሜ… ዛሬ ራሴን ተጸየፍሁ። ምሳም አልበላሁ።

መስከረም 19

ውባንች ደወለች። የበሰበሰውን ቆርጠው አውጥተውለታል። ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ግን ይተርፋል ብለዋታል። "በየሁለት ሰዓቱ ይገለብጡታል፣ እታለም። ቢረሱም እኔ አለሁ።"

አሁን በየጠዋቱ ዋርድ ወጥቼ አንሶላ ሳልገልጥ የአልጋ ቁስል ኮድ አላስገባም። አዛናው "ነርስ ሆንሽ እንዴ?" ይለኛል። ቀጣዩን አንሶላ እገልጣለሁ።

ዛሬ የአሥራ አንዱን ስም ዝርዝር ለዶክተሩ ሰጠሁት። "ያስገባው" የሚል ዓምድ ጨምሬ፣ በያንዳንዱ ስም ትይዩ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ። አንብቦ ቀና አለ።

"ይህን ከተቀበልሁ አንቺም ደብዳቤ ይደርስሻል።"

"ይድረሰኝ" አልሁት።