አንበሳ ያለባቸውን ለይተሽ አስቀምጪ

ስርጉት፣

አክስቴን እትዬ ንግስትን ላመጣ ቢቸና ሄጃለሁ። እናቴ ጠገራ ብሮቿን ለማን እንደተወች ስትናዘዝ አጠገቧ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም።

ጠገራ ብሮቹን እባክሽ ከእንግዲህ በሎሚና በአመድ አትሺያቸው። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ሞጣ ያለው አንጥረኛ ግን ገና ሲያያቸው «ማነው የፈገፈጋቸው? ገዢ እኮ የሚፈልገው ጥቁረታቸውን ነው» አለኝ። 

የፈረንጇ ንግሥት መልክ ያለባቸው ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው። በኋላ የተሠሩትም ላይ ያው ስለሚጻፍ፣ እድሜያቸውን በእሱ አናውቅም። አንበሳ ያለባቸውን የአገራችንን ለይተሽ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልይልኝ። ከዚያ በፊት ፊትና ጀርባቸውን በስልክሽ አንሺያቸው።

ወንድሜ ሽታሁን ዛሬ ይመጣል። ምሳ አቅርቢለት፤
ብሮቹን ግን እንዳትሰጪው። ትናንት ደውሎ «አቅልጬ ለሚስቴ አምባር አሠራበታለሁ» ብሎኛል።
እኔ ጋ እንዳሉ ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም።
አንቺንም አልጠይቅሽም።

ማንጠልጠያ የተበየደበትን፣ እናቴ አንገቷ ላይ ታስረው የነበረውን አንዱን ይዤው ሄጃለሁ። ጠፋ ብለሽ እንዳትፈልጊው።
አንቺን ሳላምንሽ ቀርቼ አይደለም።

ፍሬ