የኪቲ ቀይ ጨርቆች

ሰኞ፣ ኦገስት 12 ቀን 1940

ሙቀት። ሻዩ ቀጭን። እናቴ በደብዳቤዋ፣ ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ ትላለች። መናገር ክልክል ነው... ለራሴ ልንገረው። አውሮፕላን እጠግናለሁ፣ በመርፌ። ሃሪኬን የምትባለው ተዋጊ አውሮፕላን የኋላ አካሏ ጨርቅ ነው ብላት ታምነኛለች? ሄስቲንግስ ከተማ የሙሽራ ቀሚስ ስሰፋ ኖሬ አሁን ጥይት የበሳውን እሰፋለሁ። ሙሽሮቹ ይበልጥ ይነጫነጩ ነበር።

ሌላው ሥራዬ ቀዩ ጨርቅ ነው። ክንፎቿ ላይ ስምንት መትረየስ አለ፤ አቧራና እርጥበት እንዳይገባበት አፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እለጥፋለሁ። አብራሪው ከተኮሰ ይቀደዳል። ስትመለስ ነፋሱ ክፍቱ አፍ ላይ ያፏጫል። ስለዚህ ገና ሳታርፍ ማን እንደተኮሰ ሜዳው ሁሉ ያውቃል።

የኛዋ አውሮፕላን ኪቲ ዛሬም አላፏጨችም። አዲሱ አብራሪ ከመጣ ወዲህ አንድም ቀን።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

አስር አለቃ ክላኬት አኩርፏል። የኪቲን ሞተር የሚይዘው እሱ ነው። እንደሱ አባባል ኪቲም ራሷ የሱ ናት፣ ለአብራሪው የሚያውሳት እሱ ነው። ተዋሹ አብራሪ ሃምሳ አለቃ ዴንዚል ይባላል። የኮርንዎል ልጅ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሰው ሲያመሰግነው መግቢያ የሚጠፋው።

ከጎናችን የሻምበል ሃርግሪቭ አውሮፕላን ናት። የሷ መካኒክ ዎልተር፣ ምላሱ መርዝ ነው። የሱ በወጣች ቁጥር እያፏጨች ትመጣለች... እንግዲህ አስቢው። ዛሬ ኩባያውን ይዞ መጣና፣ "ቀዩ መጋረጃችሁ ደህና ዋለ?" አለን። ክላኬት ፊቱ ከጨርቁ ብሶ ቀላ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እስከ ማታ አላናገረኝም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

ሦስቴ ወጡ፣ ሦስቴ ተመለሱ። የኛ ጨርቅ ልክ እንደለጠፍኩት። ዴንዚል ሲወርድ አንገቱ ዙሪያውን ተልጦ ቀልቷል። ኮሌታው ይሆናል... ለስላሳ ሻርፕ ብፈልግለትስ?

አፌ ግን አያርፍም። "ሃምሳ አለቃ፣ ሥራ አስፈታኸኝ እኮ" አልኩት። ይቅርታ ብሎኝ አረፈው። ለዚህ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አለ? ክላኬት ግን ቀልድ አላማረውም።

"ነገ እንኳ አንዷን ቅደድልን" አለው። "ሰው ፊት መቆም አቃተን።"

ዓርብ፣ ኦገስት 16

አፏጨች። ከሩቅ ሰማናት። ክላኬት ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ፣ እኔን አቅፎ አሽከረከረኝ፣ ዎልተር እንኳ አጨበጨበ። ስምንቱም ተቀዷል።

ዴንዚል አልወረደም። መቀመጫው ላይ እንዳለ፣ "ሻምበሉ ተመልሷል?" አለ። ሁላችንም ወደ ዎልተር ቦታ ዞርን። ባዶ ነው።

በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነገረን። "የኔ ሥራ መተኮስ አይደለም። ከሻምበሉ ኋላ ሆኜ ጀርባውን መጠበቅ ነው። እሱ ወደ ፊት ብቻ እያየ እንዲተኩስ እኔ ዙሪያውን አያለሁ። ዛሬ አንድ ቦምብ ጣይ ከፊቴ አለፈ... ጨርቁ ትዝ አለኝ። ተከተልኩት። ስዞር ሻምበሉ የለም።"

ለካ አንገቱ የተላጠው ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ሲዞር ነው። እኛ ደግሞ ስንስቅበት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ዎልተር ራት አልበላም። ጎማ የሚያግድበትን እንጨት ታቅፎ ባዶ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ሻምበሉ በሕይወት አለ። በጃንጥላ ወርዶ የፖም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የተገኘው። የዛፉ ባለቤት አሮጊት ጀርመን መስሏት መንሽ ደግናበት፣ የአካባቢውን መጠጥ ቤቶች ስም ጥራ አለችው። እሱን የመሰለ ጠጪ ያንን ጠይቃው ነው? አንድ ሳያስቀር ጠርቶ፣ የትኛው ቢራ ውኃ እንደሚበዛበትም ጨመረላት። ዛፉን ግን አልማረችውም፣ ቅርንጫፍ ሰብረሃል ብላ እየጮኸች ነው ያወረደችው። ቁርጭምጭሚቱ ወልቋል፣ ቅንድቡ ተቃጥሏል።

ዴንዚል ግን ጉድ ሆኗል። የበረራ ጓዱ አዛዥ፣ ቦታውን ጥሎ የሚሄድ እዚህ አይበርም ብለዋል። የመጨረሻው ቃል የሻምበሉ ነው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ። ክላኬት፣ ጥፋቱ የኛ ነው ሊላቸው ገባ። መካኒክ ከመቼ ወዲህ አብራሪ ይመራል ብለው አባረሩት። ዴንዚል ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ልጁ ባይሄድ... ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ሻምበሉ በምርኩዝ መጣ። ቅንድብ የለውም፤ ሁልጊዜ የደነገጠ ይመስላል። መሳቅ አልቻልኩም። ሁላችንንም ኪቲ ጋ ሰበሰበን። ቢጮኽ ይሻለን ነበር፣ አልጮኸም።

"ዎልተር፣ የኔዋ ለምን እንደምታፏጭ ታውቃለህ?"

"ስለሚተኩሱ ነዋ፣ ሻምበል።"

"ይሄ ልጅ ከኋላዬ ስላለ ነው። ዞር ብዬ አላይም። አንድ ቀን ቢጠፋ ምን እንደሆንኩ አያችሁ።" ከዚያ ወደ ዴንዚል ዞረ። "ሁለተኛ ብትጠፋ ራሴ ነኝ የምመታህ። አሁን ሻንጣህን ፍታ።"

ዴንዚል ሻንጣውን ሊፈታ ሮጠ። እኔ መሀረብ አጥቼ በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ ከነዘይቱ። ፊቴ ጠቁሮ ዋልኩ፣ የነገረኝም የለም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 29

ዝናብ። በረራ የለም። የዴንዚልን ካልሲ ጠገንኩለት። ምን ዓይነት እግር ነው ያለው?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

ሻምበሉ ዛሬ በአዲስ አውሮፕላን ተነሣ፣ ኪቲ ከኋላው። ከምሳ በኋላ ሰማይ ሰማዩን እያየን ጠበቅን። ክላኬት አንዱን መፍቻ መላልሶ ሲወለውል፣ ዎልተር ሣር ሲነጭ።

ፉጨት ሰማን። የዎልተር ናት። እንደ ድሮው ይዘላል ብዬ ነበር፤ ብድግ ብሎ ቆመ። አውሮፕላኑ ከፊቱ እያረፈ እሱ ከኋላው ያለውን ሰማይ ያያል። እኛም። ምንም የለም። ክላኬት እጄን ያዘኝ... የያዘኝ መሆኑን የሚያውቅም አይመስለኝ።

ከዛፎቹ አናት ኪቲ ብቅ አለች። ሞተሯ ብቻ፣ ሌላ ድምፅ የላትም።

ቀድሞ የጮኸው ዎልተር ነው። "ክላኬት፣ ልጅህ መጣ!" ብሎ የራሱን አውሮፕላን ጥሎ ሮጠ። ክንፏ ሥር ሄዶ ቀዩን ጨርቅ አንድ በአንድ በመዳፉ ነካ። ስምንቱም ደህና ናቸው። ከዚያ ክላኬትን በክርኑ ገፋ አድርጎ ክንፉ ላይ ወጣ፣ የዴንዚልን ቀበቶ ራሱ ፈትቶ እጁን ይዞ አወረደው።